የጠፋው ስም

ጠቡ የመጣው በአራት ብር ነው። አንዲት ጌሾ ነጋዴ ከቀኛዝማች ድንበሩ የተበደረችውን አራት ብር ከቀጠሮው አንድ ክረምት አሳልፋ፣ ከነወለዱ ከፈለች። በሦስተኛው ዓመት አህያዋ ሞተችባትና ለሌላ መግዣ ሃያ ብር ልትበደር ተመልሳ መጣች። አህያ ካላገኘች ጌሾውን በጀርባዋ መሸከሟ ነው።

ቀኛዝማች በሰንበቴ ሰው መካከል ተቀምጠው ነበር።

"አንቺ ሴት፣ ስምሽ እኮ ጠፍቷል" አሏት፣ ሁሉም እንዲሰማ።

"ከፍያለሁ እኮ፣ ጌታዬ።"

"መክፈሉንማ ከፍለሻል። በእኔ ዘንድ ግን ቀን ያሳለፈ ሰው ስሙ ሰባት ዓመት እንደጠፋ ይቆያል። ገና አራት ይቀርሻል።"

"ከጠፋ ወዲህስ ያነሣው ሰው አለ?"

"እኔው ራሴ። ማንም እንዳያበድርሽ በየሰርጉ፣ በየተዝካሩ አነሣዋለሁ።"

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች። "አባቶቼ፣ በአገራችን የጠፋ ዕቃ ያነሣ ሰው ገበያ ላይ አስለፍፎ ለባለቤቱ ይመልሳል። ስሜ ጠፋ፤ ያነሡት ቀኛዝማች መሆናቸውንም በአንደበታቸው አመኑ። የሰው ዕቃ አንሥቶ ሰባት ዓመት የሚያስቀምጥ ምን ይባላል?"

"ሌባ ነዋ" አሉ አንድ ሽማግሌ ሳያስቡት። ሰንበቴው በሳቅ ፈረሰ።

ቀኛዝማች ሃያውን ብር እዚያው ቆጥረው ሰጡ። ሴትዮዋ አህያዋን ገዛች፤ ዕዳዋንም በቀኑ ከፈለች። ቀኛዝማችም ወለዳቸውን አገኙ፤ በላዩ ላይ "ስም አንሺው" የሚል ቅጽል ስም አተረፉ። እሱ ግን በሰባት ዓመት አልተፋቀም፤ በገዛ ተዝካራቸው ላይም ተነሥቷል።