ፉጨት ውሃና የማዶዋ ሴት

ከወይን አምባ ገበያ ቁልቁል ወደ ጠቆሬ ወንዝ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ አጋማሽ ላይ፣ ከቋጥኝ ሥር የሚፈልቅ አንድ ምንጭ አለ፤ ስሙ ፉጨት ውሃ ይባላል። ውሃው ራሱ አያፏጭም። እንግዳ ሰው ስሙን ሰምቶ ጆሮውን ወደ ቋጥኙ ሲያስጠጋ ያየ የአገሬው ሰው ይስቃል፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን ተስቆብኛል። ስሙ የመጣው ከብት ከሚያጠጡት ሰዎች ነው። እኩለ ቀን ላይ ከብቱ ወደ ገንዳው ይነዳል፣ ግን ወዲያው አይፏጭለትም። ነጂዎቹ ፊታቸውን ከወንዙ ማዶ ወዳለው አፋፍ ያዞሩና አንድ አቡነ ዘበሰማያት የሚደገምበትን ያህል አፋቸውን ዘግተው ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የምታፏጨው ሴት ናት። በሌላ አገር ሴት ልጅ ስታፏጭ ከተሰማች እናቷ አፏን በጥፊ ትላታለች፤ እዚህ ግን ማፏጨት የማትችል ሴት «የት ነው ያደግሽው?» ትባላለች።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ነገሩ የተጀመረው ፊታውራሪ መርዕድ የሚባሉ ሰው ወይን አምባን ይገዙ በነበረበት ዘመን ነው። ዘመኑ መቼ እንደሆነ ግን ሁለት ሽማግሌ አይስማማም፤ አንዱ ከክፉ ቀን በፊት ነው ሲል ሌላው በኋላ ነው ብሎ ይሟገታል፣ እኔም ሙግቱን ለእነሱ ትቼዋለሁ። ፊታውራሪ መርዕድ ጦር የማይፈሩ፣ የነፍስ አባታቸውን አባ ኪሮስን ግን እጅግ የሚፈሩ ሰው ነበሩ ይባላል። ምን ተናዝዘው እንደነበር የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ አገሩ ግን እስከ ዛሬ ገምቶ አልጨረሰም። ብቻ ከዚያ ኑዛዜ ወዲህ አባ ኪሮስ ጠዋት ያሉት ነገር ማታ አዋጅ ይሆን ነበር።

አባ ኪሮስ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ በቀለለ። ጾመኛ ናቸው፣ የቸገረው አይተው አያልፉም፣ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ለለማኝ ሰጥተው በብርድ የተመለሱበት ቀን አለ ይባላል። የሚፈሩት ነገር ግን ብዙ ነበር። አንድ የጥቅምት እሑድ ቅዳሴ ቆመው ሳለ፣ ከደብሩ በታች በሬውን የሚያጠጣ ሰው ሲያፏጭ ድምፁ በመቅደሱ መስኮት ገባ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደና የዘረዘረውን ጤፍ ከመሬት ጋር አጣብቆት ሄደ። በረዶ ከዚያ በፊትም ወርዶ ያውቃል፣ ፉጨትም ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የነበረ ነው። ሁለቱን ያገናኟቸው አባ ኪሮስ ናቸው።

«ልጄ፣ ፉጨት የሰይጣን መጥሪያ ነው። ጠሩት፣ መጣ። እያወቅህ ካልከለከልህ በነፍስህ ትጠየቅበታለህ» ብለው ለፊታውራሪው ነገሯቸው ይባላል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በገበያው መሀል ነጋሪት ተጎሰመ። «ስማ! የእግዚአብሔርን ጠላት ጆሮውን ይድፈነው! ከዛሬ ጀምሮ በወይን አምባ ምድር ያፏጨ ርስቱን ተነጥቆ ከአገር ይወጣል!»

ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ ሳምንት አልሞላውም። አንዲት ሴት ከባዶ ጎተራ ውስጥ ፉጨት ሰማሁ አለች፣ ሌላው ፉጨት ሲሰማ ጥቁር ውሻ ከመሬት ሲወጣ በዓይኔ አየሁ አለ፣ ወሬውም ቤት ለቤት ሲዞር እየሰባ ሄደ። ዋሽንት «ያው ረጅም ፉጨት ነው» ተብሎ ከየቤቱ ተለቅሞ ተቃጠለ። ትኩስ አጥሚት እፍ ማለት የሚያስነቅፍ ሆነ። የፊት ጥርሶቹ የወለቁ አንድ ሽማግሌ ሲናገር በክፍተቱ ፉጨት እየሾለከበት በሸንጎ እንዳይናገር ታገደ፤ ሰውዬው የወሰን ምስክር ነበርና፣ ዝም በማለቱ ወሰን የገፉት ጎረቤቶቹ «ለነፍሱ ሲባል ነው» አሉ። ገና ዓመቱ ሳይጋመስ «ፉጨት አልሰማሁም» ያለ ሰው ራሱ ተባባሪ ተብሎ ይጠረጠር ጀመር።

የተጎዳው ከብቱ ነው። የወይን አምባ በሬ ከጥጃነቱ ጀምሮ በፉጨት ነው ውሃ የለመደው። የተጠማ በሬ ሳይፏጭለትም ይጠጣል፣ ከብት ያረባሁ ሰው ነኝና ይህን አልክድም፤ ግን እንደሚነገረው የዚያ አገር በሬ አንዴ ጎንጨት ይልና ቀና ብሎ ይጠብቃል፣ የጠበቀው ድምፅ ሲቀርበትም በርግጎ ገንዳውን ትቶ ይሄዳል። በጋው ሲበረታ የበሬው ጎን ገባ። ሰዎቹ ያልሞከሩት ነገር የለም፤ አንዱ አጨበጨበ፣ አንዱ በቅል እየቀዳ ሊያጠጣ ታገለ፣ አንዱ ዳዊት ደገመለት። በሬ በዳዊት አልጠጣም።

በዚያ አገር ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ባሏ የተወላት ጥቂት መሬትና አንድ በሬ ነው፤ በሬው ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይባላል። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና፣ ቦራን ከጎረቤቷ ከአያ ደምለው በሬ ከዳልቻ ጋር ታቀናጀው ነበር፤ ደምለውም በሁለቱ በሬዎች የእሱንም የእሷንም መሬት ያርሳል። የባሏ ወንድሞች መሬቷን በዓይናቸው ይበሉታል። አንድ ክረምት ጦሙን ካደረ ሊወስዱት እንደሚችሉ እሷም እነሱም ያውቃሉ። እንግዲህ ቦራ ከወደቀ መሬቷን ታጣለች፣ ቦራን ለማጠጣት ብታፏጭም በአዋጁ መሬቷን ታጣለች። ሦስት ቀን አሰበችበት ይባላል። በአራተኛው ቀን «ከሁለቱም በኩል የምወጣ ከሆነ በሬዬ ጠጥቶ ልውጣ» አለችና እኩለ ቀን ላይ ምንጩ ዘንድ ወረደች፤ ሰው ሁሉ እያየ ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ አፏጨች።

ቦራ ጠጣ። አጠገቡ የነበረው ዳልቻም ጠጣ። በዙሪያው የነበሩት በሬዎች አንገታቸውን አስግገው ጠጡ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ከብታቸውን ነድተው ሄዱ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ወደ ምንጩ የወረደው ከብት በዛ፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከዚያ በዛ፤ ሳምንት ሳይሞላ የወይን አምባ ከብት በሙሉ የሚጠጣው በዚያች ሰዓት ሆነ። የፊታውራሪው በቅሎ ጠባቂ ሳይቀር በቅሎዋን እየጎተተ ይመጣ ነበር። ወንዶቹ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ወደ ሌላ አቅጣጫ ያያሉ። ትርንጎ ታፏጫለች፣ ከብቱ ይጠጣል፣ ሁሉም አልሰማም።

አባ ኪሮስ ወሬው ደረሳቸው፣ ማን እንደሆነች ግን የሚነግራቸው አጡ። በእሑዱ ቅዳሴ መጨረሻ ላይ እያለቀሱ ገዘቱ፤ ፉጨት ሰምቶ ያልተናገረ እንዳይፈታ፣ ሲሞትም በደብሩ እንዳይቀበር። ግዝቱን ከሁሉም በላይ የፈራው አያ ደምለው ነው። ደምለው ፈሪ ነበር እንጂ ክፉ አልነበረም ይላሉ፤ እኔ ሁለቱን መለየት አቅቶኛል። ሰኞ ዕለት ዳልቻን እንደ ወትሮው ወደ ምንጩ ነዳ። ትርንጎ አፏጨች። ደምለው ቆሞ በሬው እስኪጠግብ ጠበቀ፣ ሲጠግብ ወደ ቤት መለሰው፣ አሰረው፣ ከዚያ ወደ አባ ኪሮስ ሄደና ከሰሳት።

ሸንጎ በዋርካው ሥር ተቀመጠ። ፊታውራሪው ከወንበራቸው፣ አባ ኪሮስ ከጎናቸው። ደምለው ምሎ የሰማውን ተናገረ። ትርንጎ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመችና፣ አልካደችም፤ አንድ ነገር ልጠይቀው ብላ ብቻ ለመነች፤ ተፈቀደላት።

«አያ ደምለው፣ የዚያን ዕለት ዳልቻ ጠጣ ወይስ አልጠጣም?»

«ጠጣ።»

«የከሰስከኝ ሳይጠጣ ነው ከጠጣ በኋላ?»

ደምለው መሬት መሬት አየ። «ከጠጣ በኋላ ነው» አለ።

ትርንጎ ወደ ሸንጎው ዞረች። «የሁላችሁም በሬ ጠጥቷል። የጌታዬም በቅሎ ጠጥታለች። እኔ አፏጭቻለሁ፣ አልክድም። ሰይጣን በፉጨቴ መጥቶ ከሆነ ግን እኔ ቤት ብቻ አይደለም ያደረው።»

ይህን ታሪክ ስሰማ እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ተነስቶ «እውነቷን ነው» እንዲል ጠብቄ ነበር። ሦስት ሽማግሌዎችን ለየብቻ ጠየቅኩ። የተነሳ ሰው አለ ያለኝ የለም። አንዱማ ተቆጣኝ፣ «አንተ ብትሆን ትነሳ ነበር?» አለኝ፤ ያን ጥያቄ አልወደድኩትም። ፊታውራሪው ዘወር ብለው አባ ኪሮስን አዩ። አባ ኪሮስ ዓይናቸው ዕንባ ሞልቶ ነበር፣ ነገር ግን «አዋጅ አዋጅ ነው» አሉ። ትርንጎ ርስቷን ተነጥቃ ከጠቆሬ ወንዝ ማዶ እንድትወጣ ተፈረደባት፤ እሷን የጎበኘ፣ እህል ውሃ ያቀበላት፣ ወሬዋን የጠየቀም በግዝት ተያዘ።

ቦራን እየነዳች ወንዙን ተሻገረች። ከወንዙ ማዶ ያለው አገር የሌላ ገዥ ነውና እዚያ ፉጨት አልተከለከለም። ከምንጩ ትይዩ ካለው አፋፍ ላይ ጎጆ ቀለሰች። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ የወይን አምባ ከብት እንደ ልማዱ ወደ ምንጩ ወረደ። ጎንጨት አለ፣ ቀና አለ፣ ጠበቀ። ነጂዎቹም የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ተገትረው ቆሙ። ያኔ ከማዶ፣ ከአፋፉ ላይ፣ ፉጨቱ መጣ። ከብቱ አንገቱን ደፍቶ ጠጣ።

ለማን እንዳፏጨች ሽማግሌዎቹ አይስማሙም። አንዳንዶቹ ለራሷ በሬ ለቦራ ነው፣ ድምፁ ሸለቆውን መሻገሩን እሷ አታውቅም ይላሉ። ሌሎቹ ግን ቦራ በሦስተኛው ዓመት አርጅቶ እንደሞተ፣ ፉጨቱ ግን ከዚያም በኋላ አንድም ቀን እንዳልቀረ ያነሳሉ። እኔ ከእነዚህኞቹ ጋር ነኝ።

አባ ኪሮስ ይህንንም ሰሙ። ወደ ፊታውራሪው ሄደው «ልጄ፣ ያው ፉጨት ነው፤ እዚህ ድረስ ይሰማል» አሉ። ፊታውራሪውም «አባቴ፣ አዋጁ እስከ ወንዙ ድረስ ነው» ብለው መለሱ። አባ ኪሮስ ከዚያ ወዲህ እኩለ ቀን ሲሆን ጸሎታቸውን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይደግሙ ነበር ይባላል።

ሰባት ዓመት እንዲህ ኖሩ፤ አሥራ ሁለት ነው የሚሉም አሉ። ያባረሯት ሴት በየቀኑ ከብታቸውን ታጠጣላቸዋለች፣ እነሱም በየቀኑ አልሰማንም ይላሉ። በዚያ መካከል የተወለዱ ልጆች የሚያፏጨው አፋፉ ራሱ ይመስላቸው ነበር። ሴቶቹ ጀርባቸውን ለወንዶቹ ሰጥተው፣ ትንፋሽ ሳያወጡ፣ ከንፈራቸውን እያሾሉ ዜማውን ያጠኑት ነበር አሉ። የትርንጎን መሬት የባሏ ወንድሞች ወሰዱት። ደምለው የዳልቻን አቻ አጥቶ በሁለተኛው ዓመት መሬቱን አርሶ ምርቱን ለሚካፈል እርቦ አራሽ ሰጠ።

ከዕለታት አንድ ቀን፣ በመጋቢት ወር፣ ፉጨቱ ቀረ። ከብቱ ጎንጨት ብሎ ቀና አለ። ሰዎቹ ጋቢያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ። ጠበቁ። ፀሐይ እስክታዘነብል ድረስ ያ ሁሉ ሰው ፊቱን ወደ አፋፉ አዙሮ ቆመ። በመጨረሻ እንጎቻ የምትባል ሴት፣ የደምለው የራሱ ልጅ፣ አባቷ አጠገቧ ቆሞ እያያት ሁለት ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተችና አፏጨች። ያንኑ ፉጨት ነው። ከብቱ ጠጣ። የከሰሳት የለም፤ ደምለው እዚያው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ወንዶቹ ወንዙን የተሻገሩት በሦስተኛው ቀን ነው። ሲደርሱ የማዶ ሰዎች ትርንጎን በራሳቸው ደብር ቀብረዋት ነበር። «አስከሬኗን ስጡንና በአገሯ ትረፍ» ብለው ለመኑ። የማዶው የደብር አለቃ «በእግሯ መምጣት ትችል በነበረ ጊዜ የት ነበራችሁ?» ብለው መለሷቸው ይባላል።

አዋጁ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ፊታውራሪው ሞቱ፣ አባ ኪሮስ ሞቱ፣ ነጋሪቱም በስብሶ ተጣለ፤ «ከዛሬ ጀምሮ አፏጩ» ብሎ ያወጀ ግን የለም። በዚያ አገር ሕግ ከሄድን ባለፈው ጥር ያገኘኋት፣ ሦስት በሬ ይዛ ምንጩ ዳር ቆማ የነበረችው ወይዘሮ ጥሩነሽም ርስቷን ተነጥቃ መሰደድ አለባት። ከማፏጨቷ በፊት ለምን ወደ ማዶ ዞራ እንደምትጠብቅ ጠየቅኳት።

«ካፏጨች እንስማ ብለን ነዋ» አለችኝ።

በሬዎቿን አጠጥታ ስትሄድ እኔ ወንዙን ተሻግሬ ወደ አፋፉ ወጣሁ። የበጋ ወንዝ ነው፣ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። እኔ ወፍራም ሰው ነኝ፣ ዳገት ላይም ሁለት ጊዜ አርፌያለሁ፤ ቢሆንም ከምንጩ ተነስቼ ጎጆዋ ነበረበት ከሚባለው ቦታ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም።