ውሃ የገባበት ታንኳ

አንድ ገበሬ ነበረ። የደጋ ሰው ነው፤ ሐይቅ አይቶ አያውቅም። የሱን ነገር ያነሳሁት አንቺ ስለ ጠየቅሽኝ ነው፣ ልጄ። «ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ ተሳልኩ፤ መከራው ግን ቤቴ ገባ። እምነቴ ጎድሎ ነው ወይስ እግዜር ትቶኝ?» ብለሽኛል። የምነግርሽን ገበሬው ራሱ ነው የነገረኝ።

ሚስቱ ከታመመች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበር። ወገቧ ተይዞ መነሳት አቃታት። ያልወሰዳት ቦታ የለም። በመጨረሻ፣ አንድ ሐይቅ መካከል ካለች ደሴት ጠበል አለ፣ እዚያ አድርሳት አሉት። ዘመዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ሁለት ቀን ተጓዙና ከሐይቁ ዳር አድርሰዋቸው ተመለሱ። ሰው ስንት ቀን ይሸከማል፤ እነሱም ደክሟቸዋል።

ከዳር አንድ ባለታንኳ ቆሞ ነበር። ታንኳው የደንገል ነው፤ ቄጤማ የመሰለ ረጅም የውሃ ሣር እንደ ነዶ አንድ ላይ ታስሮ የተሠራ።

«ይሄ ነው የሚያሻግረን?» አለ ገበሬው።

«ሌላ ካገኘህ በሌላው ሂድ» አለው ባለታንኳው።

ሌላ አልነበረም። ሴትዮዋን ከመካከል አስተኟት። ገበሬው ከግርጌዋ ተቀመጠ፤ ባለታንኳው ከኋላ ሆኖ ይቀዝፍ ጀመር።

ከዳር እምብዛም ሳይርቁ ገበሬውን ከሥሩ ረጠበው። ዝቅ ብሎ ቢያይ ውሃው በደንገሉ መካከል ሽቅብ ይመጣል።

«ውሃ ገባ» አለ።

«ይገባል።»

«ገባ እኮ ነው የምልህ፣ ወንድሜ።»

«ሰምቻለሁ። እኔም ተቀምጬበታለሁ።»

ገበሬው የስንቁን በሶ የያዘበትን ቅል ከፈተ፣ በሶውን ሐይቁ ላይ ደፋው፣ በቅሉ ውሃውን እየጨለፈ ወደ ውጭ ይረጨው ጀመር። ጨለፈ፤ ያው ነው። ደግሞ ጨለፈ፤ ያው ነው። የደፋው ሁሉ ከሥር ይተካል። በአፉ የእመቤታችንን ስም ይጠራል፣ በእጁ ይጨልፋል፣ በመሀል ባለታንኳውን ይገላምጣል። ሦስቱን ዓመትም የኖረው እንዲሁ ነበር፤ አንዱን ችግር ሲገፋ ሌላው ይተካበታል። ክንዱ ዛለ።

«አንተ ሰው፣ ልትፈጀን ነው የተነሳኸው?» አለ።

«እናንተ ስትሰምጡ እኔ ወዴት የምሄድ ይመስልሃል?» አለው ባለታንኳው።

ከዚያ ነፋስ ተነሳ። ማዕበሉ ታንኳውን ከፍ ዝቅ ያደርገው ጀመር። ገበሬው ሚስቱን አያት፤ ነጠላዋ ርሶ ከገላዋ ተጣብቋል። ይህን ጊዜ አላስቻለውም። ቅሉን ጣለና በትከሻው ሊሸከማት ብድግ አለ። ታንኳው ወደ አንድ ጎን አጋደለ። ባለታንኳው መቅዘፊያውን በሌላው ጎን ተጭኖ፣ «ተቀመጥ» አለው። ድምፁን አላነሳም። ገበሬው አልሰማውም፤ እጆቹን ከሚስቱ ብብት ሥር አግብቶ ሊያነሳት ይታገላል።

ያስቆመችው ሚስቱ ናት።

«ተወኝ» አለችው። «ውሃው ውስጥ የተኛሁት እኔ ነኝ፤ የማውቀውም እኔ። ገና ስንነሳ እስከ ጎኔ መጣ። እስካሁንም እስከ ጎኔ ነው። ከዚያ አላለፈም።»

«እየራስሽ እኮ ነው።»

«ርሻለሁ። አልሰመጥኩም። ቁጭ በል እባክህ፣ ደክሞሃል።»

ገበሬው እጆቹን ከብብቷ ሥር አወጣ። ከዚያ ውሃው ላይ ቁጭ አለ። አምኖ አይደለም የተቀመጠው፤ የሚቆምበት አቅም ስላለቀበት ነው። ታንኳው ግን አምነሃል ወይ ብሎ አልጠየቀውም። ሲቀመጥ ቀና አለ፤ ተሸክሟቸው ሄደ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደሴቲቱ ደረሱ፤ ሦስቱም ርሰው፣ ስንቃቸውን ዓሣ በልቶት። ባለታንኳው ሴትዮዋን አዝሎ አወጣት። ተመልሶ ታንኳውን ጎተተና ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ከድንጋይ አስደግፎ አቆመው።

«ምናለ ቀድመህ ብትነግረኝ?» አለው ገበሬው።

«ምኑን?»

«ውሃ ቢገባም እንደማይሰምጥ።»

«ብነግርህ ታምነኝ ነበር?» አለና ግንባሩን ጠረገ። «ውሃ የማይገባበት ታንኳ እኔ የለኝም። የሚይዝህ ደንገሉ ነው፤ ደረቅ መሆንህ አይደለም።»

ሴትዮዋ ዳነች ወይ ትይኝ ይሆናል። ገበሬው፣ በትር ይዛ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ትሄድ ነበር ብሎኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

አንቺም እንደዚያው ነሽ፣ የሻረግ። ልጅሽን ቀበርሽ። ባልሽ ታሞ ከተኛ ዓመት አለፈው። ውሃው ገብቷል፤ አልገባም ብዬ አላታልልሽም። ግን የገባው እምነትሽ ስለ ጎደለ አይደለም። እምነት መከራን ከደጅ ይመልሳል ብሎ ማን ነገረሽ? የያዘሽ እግዜር ነው፤ እየራስሽም ይዞሻል። እሱም ደረቅ ቦታ ሆኖ አይደለም የያዘሽ። ጌታችን እኛ የተቀመጥንበት ውሃ ውስጥ ተቀምጧል፤ ተርቧል፣ ተገርፏል። አንቺ ዛሬ የጠየቅሽኝንም እሱ መስቀል ላይ ሆኖ «ለምን ተውኸኝ?» ብሎ ጠይቆታል። ስለዚህ በመጠየቅሽ አትፈሪ።

ለምን እንደመጣብሽ አላውቅም። ባለታንኳውም ነፋሱ ከየት እንደተነሳ አልተናገረም። እስቲ አንቺ ግን ውሃው የት እንደደረሰብሽ እይ፤ እስከ ጎንሽ ነው። ዛሬም ተነስተሽ የበሽተኛውን ፊት አጥበሻል። ጸሎቱ አልወጣ ካለሽ ይቅር፤ ደክሞሽ ቁጭ ማለትሽን እግዜር ያየዋል።

ባልሽን እኔ እጠብቀዋለሁ። ውሃ ቢለኝ አጠጣዋለሁ፤ አገላብጠኝ ቢለኝ አገላብጠዋለሁ። አንቺ ግቢና ተኚ።