በሁለት ሳፋ የተለወጠው ሻንጣ

ጉለሌ ውስጥ፣ ሸማኔ በሚበዛበት አንድ ሰፈር፣ ለመልካም ሥራ ተነስቶ ነገር ያበላሸን ሰው የሚነቅፉበት አንዲት አባባል አለች። ከሌላ ሰፈር የመጣ ሰው ሲሰማት ስለ መጥረጊያና ስለ አቧራ የምታወራ ይመስለዋል። እማማ ዘርፌ የደረሰባቸውን የሚያውቅ ግን ዛሬም ስትነሳ ፊቱ ይጠቁራል።

እማማ ዘርፌ ባላቸው አቶ ገሠሠ ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቤታቸው ሁለት ክፍል፣ እቃቸው ግን የአራት ክፍል ነው። አቶ ገሠሠ ሸማኔ ስለነበሩ ከእሳቸው የተረፈው የክር ካርቶን አንዱን ጥግ ይዟል። አልጋው ስር ሻንጣ፣ ቁምሳጥኑ ላይ ሻንጣ፣ በሩ ጀርባ ክዳን የሌለው ድስትና ድስት የሌለው ክዳን። እንግዳ ሲመጣ በጎኑ ካልሆነ አይገባም። ይህን እሳቸውም አይክዱም።

ልጃቸው ማህደር የምትኖረው ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ሥራ በዛብኝ እያለች እናቷን በስልክ ከማናገር በቀር በአካል ካየቻቸው ሁለት ዓመት አልፏታል። በአንድ ክረምት ማብቂያ የሳምንት ፈቃድ ወስዳ መጣች። በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ አየች።

"እማዬ፣ እዚህ ውስጥ እንዴት ነው የምትተነፍሽው?"

"በአፍንጫዬ" አሉ እማማ ዘርፌ። "ግቢና ተቀመጪ።"

ማህደር ግን ለመቀመጥ አልመጣችም። እቃ የበዛበትን ቤት ስለማቅለል ስልኳ ላይ ብዙ አይታለች፤ የራሷንም ቤት በዚያው አስተካክላ ጓደኞቿን አስደንቃለች። በማግስቱ ጠዋት ሥራ ጀመረች። መጀመሪያ፣ አንድ ዓይነት እቃ ሁሉ ከየጎሬው ወጥቶ አንድ ቦታ ይከመር አለች። ልብሱ አልጋውን ሸፈነው። ብርጭቆው ሲቆጠር ሃምሳ ሁለት ሆነ። እማማ ዘርፌ ይህችን ዘዴ ወደዷት። ሦስት ዓመት የፈለጉት መቀስ ከጋቢ መሃል ተገኘ። ሰባት ጭልፋ እንዳላቸው ያወቁትም ያን ቀን ነው፤ አራቱን እየሳቁ ለጎረቤት ሰጡ።

በሁለተኛው ቀን ማህደር ሦስት ማዳበሪያ አቁማ "የሚቀር"፣ "የሚሰጥ"፣ "የሚወገድ" ብላ ወረቀት ለጠፈችባቸው። ነገር የከረረው እዚህ ላይ ነው። እማማ ዘርፌ የሚቀረው ውስጥ የከተቱትን ልጅቷ መልሳ ታወጣዋለች።

"ይህን የሽመና መወርወሪያ ምን ትሠሪበታለሽ?"

"የአባትሽ እጅ ነው።"

"እንጨት ነው እንጂ እማዬ። ፎቶ አንስተን እናስቀምጠው፣ ያው ነው።"

እማማ ዘርፌ መወርወሪያውን ከእጇ ነጥቀው ትራሳቸው ስር ወሸቁት። ያኔ ማህደር ሦስተኛውን ዘዴ ተናገረች። ዓመት ሙሉ ያልተነካ እቃ አያስፈልግምና ይውጣ አለች።

"ይህን ሕግ ማን አወጣው?" ሲሉ ጠየቁ እናትየው።

"የተጠና ነገር ነው።"

"ያጠናው ሰው እኔን ያውቀኛል?"

በሦስተኛው ቀን እማማ ዘርፌ ቀብር ነበረባቸውና በጠዋት ወጡ። ሲመለሱ ቤቱ ሌላ ቤት መስሏል። ወለሉ ያበራል፤ መደርደሪያው ላይ ሁሉም በወግ ተደርድሯል። መካከል ላይ ሁለት አረንጓዴ ሳፋዎች ተደራርበው ተቀምጠዋል። ጫማቸውን ለማውለቅ ሲያጎነብሱ አልጋው ስር ባዶ መሆኑን አዩ።

"እዚህ የነበረው ሻንጣ የት ሄደ?"

"ያ ዚፑ የተበላሸው? ለልዋጭ ሰጠሁት። ከአሮጌ ልብሱ ጋር አድርጌ እነዚህን ሳፋዎች አመጣሁልሽ። እዪያቸው፣ አይሰበሩም።"

"ከፍተሽ አይተሻል?"

"አይቻለሁ። አንድ ነጭ ሸማ ነው ያለው። ሳይለበስ እጥፋቱ ላይ ቢጫ ሆኗል። ስንት ዓመት ያልተነካ ነገር።"

"እንዴት ብሎ ይነካ" አሉ እማማ ዘርፌ። "መግነዜ ነው።"

አቶ ገሠሠ ዓይናቸው ሊጠፋ ሲል የሠሯቸው የመጨረሻዎቹ ሸማዎች ሁለት ነበሩ። አንዱን እሳቸው ተገንዘውበት ሄዱ። ሁለተኛው ያ ነው።

"አላወቅኩም እማዬ።"

"ሕግሽ ለእቃ ብቻ ነው ወይስ ለሰውም ይሠራል? አንቺ እኔን ከነካሽኝ ሁለት ዓመትሽ ነው። እንግዲያው እኔም የምወጣ ነኝ።"

ይህን ብለው ከትራሳቸው ስር መወርወሪያውን አወጡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተካልኝ ቤት ሄዱ። ሁለቱን ቤት የሚለያቸው አንድ አጥር ነው። ማህደር ተከትላ ደጃፉ ላይ ስታለቅስ ጋሽ ተካልኝ ወጡ።

"አለማወቅሽን እንተወው" አሏት። "የእቃው ባለቤት በሕይወት እያለች፣ እዚሁ ሰፈር ቀብር ላይ እያለች፣ አንድ ቃል መጠየቅ ምን ያህል ይከብዳል? የሰው መግነዝ በሳፋ?"

ወሬው በአንድ ሰዓት ሰፈሩን አዳረሰ። ከቀብር የተመለሱ ሴቶች እየመጡ በበሩ አሻግረው ያያሉ። ቤቱ እንደ መስታወት ነው፤ ሰው ግን የለበትም። ማህደርን ሰላም ያላት አልነበረም።

ልጅቷ ሳፋዎቹን ተሸክማ ሁለት ቀን ልዋጭ ባዩን ሰውዬ ፈለገች። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሰፈሩ ግርጌ አገኘችው። ሻንጣውን ስትነግረው ከጆንያው ስር አወጣላት።

"ስከፍተው ገባኝ" አላት። "እናቴም የራሷን እንዲሁ አጥፋ ነው ያስቀመጠችው። ብመልሰው ቤታችሁ ጠፋብኝ፤ ብሸጠው ፈራሁ። ለመሆኑ አንቺ እናት የለሽም?"

ሳፋዎቹን ተቀብሎ ሄደ። ልብሶቹን ግን ሸጧቸዋል፤ የአቶ ገሠሠ ካፖርትም አብሮ ሄዷል።

እማማ ዘርፌ እዚያው ጋሽ ተካልኝ ቤት እንደተቀመጡ ሸማውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ከጥለት እስከ ጥለት በእጃቸው ዳበሱት።

"ካፖርቱስ?"

"ተሽጧል እማዬ።"

ሸማውን በእጥፋቱ መልሰው አጠፉት። ማህደር እግራቸው ላይ ወደቀች። ጋሽ ተካልኝም ስለ ልጅቷ ለመኑ።

"እገባለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ከእንግዲህ ግን ቤቴን የምታጸጂው እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ በአንድ እያነሳሽ እየጠየቅሽኝ ነው። አላውቀውም ካልኩሽ ጣይው። ይቀመጥ ካልኩሽ ግን ለምን አትበይኝ።"

"እሺ እማዬ።"

ጋሽ ተካልኝ ሻንጣውን ይዘው ከፊት፣ እናትና ልጅ ከኋላ ሆነው ወጡ። ከወፍጮ ቤት የምትመለስ አንዲት ጎረቤት አይታቸው ቆመች።

"ጋሽ ተካልኝ፣ እማማ ዘርፌን ወደ ገዛ ቤታቸው በሽማግሌ የሚያስገባ ምን ነገር ተገኘ?"

ሽማግሌው ንዴታቸው ገና አልበረደም ነበርና ማህደርን በአገጫቸው እያመለከቱ፣ "ቤት ላጽዳ ብላ፣ ባለቤት አስወጣች" አሏት።