ቀድሞ የቀመሰው አባት

አንድ ጠጅ ቤት ያለው ሰው ነበረ። ቆይ ምንታምር፣ ጥያቄሽን አልረሳሁም። «ነገ ልጄ ኦፕራሲዮን ከመግባቷ በፊት የሚያረጋጋ ሽሮፕ ትጠጣለች፤ ጭማቂ ነው ብዬ ልስጣት ወይስ እውነቱን ልንገራት?» ነው ያልሽኝ። እየመለስኩልሽ ነው፤ አንቺ ዝም ብለሽ ስሚ።

ሰውዬው የስድስት ዓመት ልጅ ነበረችው። እምብርቷ አጠገብ ያበጠ ነገር ነበረባትና ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ተባለ። መጀመሪያ የወሰዳት ቀን የኦፕራሲዮን ክፍሉን በር ስታይ እሪ ብላ፣ የነርሷን ጋውን ቀድዳ፣ በግድማ አይሆንም ተብሎ ወደ ቤት ተመለሰች። ተራዋ እንደገና እስኪደርስ አራት ወር ጠበቁ። እብጠቱ ደግሞ እየጨመረ ነው። አሁንም ከተመለሰች ሌላ አራት ወር፣ አስቢው።

በሁለተኛው ጊዜ ሲስተሯ በትንሽ ኩባያ ሽሮፕ ይዛ መጣች። «ይሄ ፍርሃቷን ያበርድላታል፣ እንቅልፍ እንቅልፍም ይላታል። መራራ ስለሆነ አባብለው ያጠጧት» ብላው ወደ ሌላው አልጋ ዞረች።

አባትዬው መራራ የሚለውን ሰምቷላ። «እንኪ የኔ እናት፣ የማንጎ ጭማቂ ነው» አላት።

ልጅቷ ኩባያውን አየች፣ እሱን አየች። «ከማታ ጀምሮ ምንም አትቅመሺ ስትሉኝ አልነበር? በል አንተ ቅመሰው።»

የት ያደገች መሰለሽ? ጠጅ ቤት። እዚያ ቤት ቀጂው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለሰው አይሰጥም። አባቷ ራሱ ሲያደርገው ነው ያደገችው። እምቢ ቢላት ምን ትለዋለች? እሱም ጠብ አድርጎ መቅመስ ሲችል፣ የክፍሉ ሰው ሁሉ ሲያየው ተደናገጠና ኩባያውን ጭልጥ አደረገው።

ፊቱ ኩምትር አለ።

«ማንጎ ነው?» አለችው።

«ዋሽቼሻለሁ። መድኃኒት ነው፣ መራራ ነው። ሆድሽን ሲጠግኑልሽ እንዳትፈሪ ነው። ስትነቂ አጠገብሽ ነኝ።»

«መጀመሪያውኑ እንደሱ አትልም?»

ሲስተሯ ተመልሳ ባዶውን ኩባያ አየች። «ጠጣችው?»

«እሱ ነው የጠጣው» አለች ልጅቷ።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። ሳቁን እየዋጠ «በእሷ ክብደት የተለካ ስለሆነ እርስዎን አይጎዳዎትም፤ ብቻ ከወንበሩ እንዳይነሱ» አለውና ለልጅቷ ሌላ አስለካ። ሌላው ሽሮፕ እስኪመጣ አባትዬው ምላሱ ከበድ፣ ዓይኑ ስልም ማለት ጀመረ። «ሲስተር፣ ወንበራችሁ ግን እንዴት ይመቻል» ይላል፣ የብረት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ። ልጅቷ እጁን አየችው። ከጠዋት ጀምሮ የኮቱን ቁልፍ ሲፈታና ሲቆልፍ የነበረ እጅ ጭኑ ላይ ጋደም ብሏል።

«አባዬ፣ ፍርሃትህ ሄደ?»

«ሄደ።»

አፍንጫዋን ይዛ ጠጣችው። ትንሽ ቆይታ አልጋውን ሲገፉት እጇን እያውለበለበች ገባች። በሰላም ወጣች። ስትነቃ አባቷ እንዳለው አጠገቧ ነው፤ እያንኮራፋ። የቀሰቀሰችው እሷ ናት።

ያ ሰውዬ አንቺ ነሽ፣ ምንታምር። ጭማቂ ልትዪ የፈለግሽው እሷ መራራ ስለማትችል አይደለም፤ ፈርተሽ ነው። ልጅሽ መራራውን ትችለዋለች። ያታለለቻት እናቷ እንደሆነች ካወቀች ግን የማንን እጅ ይዛ ትገባለች? መራራ ነው በያት፣ እኔም ፈርቻለሁ በያት። ኩባያውን ግን እንዳትቀምሺ። አንቺ አንዴ ማንኮራፋት ከጀመርሽ ማንም ሊቀሰቅስሽ አይችልም።