የደብሪቱ ልጅ ወረቀት

ተረት ነው በሉት፤ እኔም እሺ ልበላችሁ። ደስ የሚል ግን አይደለምና ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ።

ደብሪቱ የምትባል እናት ነበረች። ይኄይስ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲማር፣ በዚያ ክፉ ዘመን ከመንገድ ላይ አፍሰው ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ሞቷል ያላት የለም፣ አለ ያላት የለም። ደብሪቱ አገሯን ጥላ ልጇ የጠፋበት ከተማ ውስጥ ቀረች። መቃብሩን አታውቀው። ፎቶግራፉንም ለፍለጋ ይዛ ስትዞር አንዱ ቢሮ ተቀብሎ ሳይመልስላት ቀረ።

በስተርጅና የልጇ ጓደኛ የነበረ ሰው መጣና እንዲህ አላት፦

"እማማ፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ 'ልዩ ልዩ የቆዩ ደብዳቤዎችና ወረቀቶች' የሚል ሣጥን አለ። ሠራተኞቹ ሲያራግፉት እዚያ ውስጥ የይኄይስን ስም አየሁ። የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ወረቀቱ ተጣብቆ ስለነበር ምን እንደሚል አላነበብኩትም።"

ደብሪቱ ሌላ አልፈለገችም። ያንን ወረቀት ማየት፣ የሚለውን መስማት፤ በቃ።

ሄደች። የሣጥኑ ጠባቂ አቶ ይርዳው ወንበር ስቦ አስቀመጣት። የመጣችበትን ስትነግረው ግን አንገቱን ደፋ።

"ቁጥር የሌለው ወረቀት ለሠራተኛ ካልሆነ ለሌላ ሰው ከሣጥን አይወጣም፣ እማማ። ቁጥር የምትሰጠው መዝጋቢዋ ናት።"

ጠባቂው ሣጥን አይከፍት፣ ደብሪቱ የልጇን ወረቀት አታይ።

ወደ መዝጋቢዋ ወደ ትርንጎ ሄደች። "ልጄ፣ ቁጥር ስጪልኝ።"

"እኔ መች ጠላሁ፣ እማማ? ግን የተጣበቀ ወረቀት አንድ ይሁን አሥር በምን አውቄ ልቁጠረው? መጀመሪያ አዳሹ ያላቅቀው።"

መዝጋቢዋ ቁጥር አትሰጥ፣ ጠባቂው ሣጥን አይከፍት፣ ደብሪቱ የልጇን ወረቀት አታይ።

ወደ ወረቀት አዳሹ ወደ ክፍሎም ሄደች። ክፍሎም ጠረጴዛው ላይ ሳፋ አስቀምጦ ከጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውሃ ሲቀበል አገኘችው።

"ይዩት፣ እማማ! ዛሬ ባላቅቀው ነገ ዝናቡ ያጥበዋል። ያኔ ወረቀቱም የለም፣ ስሙም የለም። ጣሪያ ሠሪው መጥቶ ይድፈንልኝ።"

አዳሹ ወረቀት አያላቅቅ፣ መዝጋቢዋ ቁጥር አትሰጥ፣ ጠባቂው ሣጥን አይከፍት፣ ደብሪቱ የልጇን ወረቀት አታይ።

ወደ ጣሪያ ሠሪው ወደ ደጉ ሄደች። ደጉ እጁን ዘረጋ። "ታዲያ በምን ልውጣ? በክንፌ? መሰላሉ ተሰብሮ አናጢው ቤት ከገባ ከረመ። አናጢው ደግሞ በሩን ዘግቷል። ሰው ቢያንኳኳ አይሰማም፣ ቢሰማም አይከፍትም።"

አናጢው በሩን አይከፍት፣ መሰላሉ ከቤት አይወጣ፣ ደጉ ጣሪያ አይደፍን፣ አዳሹ ወረቀት አያላቅቅ፣ መዝጋቢዋ ቁጥር አትሰጥ፣ ጠባቂው ሣጥን አይከፍት፣ ደብሪቱ የልጇን ወረቀት አታይ።

ደብሪቱ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ያኔም እንዲህ ነበር፤ ልጇን ስትፈልግ አንዱ ወደ አንዱ ይልካት ነበር። ያኔ ግን ጉልበት ነበራት። እነዚያ ክፉዎች ነበሩ፤ ትራገማቸው ነበር። እነዚህ ግን ሁሉም እማማ አሏት፣ ሁሉም ከልባቸው አዘኑላት፣ የምትራገመው ሰው እንኳ አጣች። "እንግዲህ ይቅርብኝ፤ ሳላየው ልሙት" አለች። ተነሥታ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ በአናጢው ደጅ አሳለፋት፤ እዚያ ስትደርስ መራመድ አቃታት። በሩን ተደግፋ ቁጭ አለች።

"ማነው?" አለ ድምፅ ከውስጥ።

"መሰላል ፈልጌ ነበር። አሁን ግን ደክሞኝ ነው የተቀመጥኩት፤ ስነሣ እሄድልሃለሁ።"

አናጢው ጉልላት ከበሩ ኋላ ሆኖ ተናገረ። "መሰላሉ የሥራ ቤቴ ውስጥ ነው፣ እማማ። እዚያ ቤት መግባት አቅቶኛል። መጨረሻ የሠራሁት የሴት ልጄን የሬሳ ሣጥን ነው። የእንጨቱ ፍቅፋቂ እንደወደቀ መሬቱ ላይ አለ። ልረግጠው አልችልም፣ ልጠርገውም አልችልም።"

ደብሪቱ አለቀሰች። "አንተስ በእጅህ ሠርተህ፣ በእጅህ ለክተህ ቀበርካት። እኔ ልጄን ምን እንዳለበሱት አላውቅም። በየት በኩል ልዙር ብዬ እንደምጸልይለት አላውቅም። ስሙ ያለበት አንድ ወረቀት ተገኘ አሉኝና ልየው ብዬ ነበር።"

በሩ ተከፈተ። ጉልላት ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ቀልቶ ቆመ። ክንዷን ደግፎ አስነሣት፤ የሥራ ቤቱንም ከፈተው። ደብሪቱ ተንበርክካ ፍቅፋቂውን በመዳፏ እየዘገነች ሰበሰበችው። እሱም አጠገቧ ተንበረከከ። ሁለቱም እያለቀሱ እስኪያልቅ ለቀሙት፤ በጆንያ አድርገው ለእሱ አስቀመጡት። ከዚያ ጉልላት መዶሻውን አነሣ።

አናጢው በሩን ከፈተ፣ መሰላሉ ተጠግኖ ወጣ፣ ደጉ ጣሪያውን ደፈነ፣ አዳሹ ወረቀቱን አላቀቀ፣ መዝጋቢዋ ቁጥር ሰጠች፣ ጠባቂው ሣጥኑን ከፈተ፣ ደብሪቱ የልጇን ወረቀት አየች።

ማንበብ አትችልምና ትርንጎ አነበበችላት፦

"ለተማሪዎች መኝታ ክፍል ኃላፊ። ብርዱ ስለበረታብኝ፣ ያለኝም ብርድ ልብስ አንድ ስስ ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ እንዲጨመርልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ይኄይስ ገብረየስ።"

"እሺ፣ ቀጥዪ" አለች ደብሪቱ።

"አለቀ፣ እማማ።"

"ስለ እኔ ምንም አይልም?"

"አይልም።"

ደብሪቱ ጽሑፉን አየችው። "በርዶት ነበር ማለት ነው" አለች ቀስ ብላ። "እኔ ስጠይቀው 'ይሞቀኛል እማዬ፣ አታስቢ' ነበር የሚለኝ። ሰጡት ወይ?"

ትርንጎ ወረቀቱን ገልብጣ አየች። ጀርባው ባዶ ነው። "የተጻፈ ነገር የለም፣ እማማ።"

ደብሪቱ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች። አጠፈችው፤ ደግማ አጠፈችው። ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አለበሰችው፤ ጠርዙንም ዙሪያውን ጠቀጠቀችለት። አቶ ይርዳው፣ ወረቀት አጠገብ እስክሪብቶ እንኳ የማያስደርሰው ሰው፣ ሊከለክላት ከወንበሩ ብድግ አለ። መልሶ ተቀመጠ። ፊቱንም ወደ መስኮቱ አዞረ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ደብሪቱን ግን እዚያው ተዉልኝ።