ያልተሰቀለው አጎበር

ይህ ተረት ሲጀመር አጭር ነበር። ያስረዘሙት ሰዎቹ ናቸው።

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ አንዲት የጭቃ ክፍል። ተከራይዋ ዘርፌ ትባላለች። ባሏ ሾፌር ነው፤ ሰሞኑን ሞያሌ መንገድ ላይ ነው። ልጇ ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ግንባሩን ትንኝ ነክሳዋለች። በቀደም የጎረቤት ሕፃን ወባ ይዞት በስንት መከራ ተርፏል። የጤና ኤክስቴንሽኗ አጎበር ሰጠቻትና፣ ይህ ልጅ ወባ የሚችል አቅም የለውም፣ ዛሬውኑ ስቀይለት ብላት ሄደች።

ዘርፌ የፈለገችው ይህንኑ ብቻ ነው። አጎበር ሰቅላ ልጇን ማስተኛት።

ትንኟ፣ አጎበር ካልተሰቀለ አልሄድም አለች። አጎበሩ፣ ያለ ሚስማር አልሰቀልም አለ። ሚስማሩ፣ ያለ አከራይ ቃል አልገባም አለ። የኪራይ ቤት ሚስማር እንዲህ ነው፤ ከመዶሻ ይልቅ አከራይ ይፈራል።

ዘርፌ ልጇን አዝላ ወደ አከራይዋ ወደ እትዬ ምንትዋብ ሄደች። እትዬ ምንትዋብ ቤቱን ለበዓል እያስቀቡ ነው። እሳቸውም፣ ቀለም ቀቢው ጋሽ ዱባለ ቀብተው ሳይጨርሱ ግድግዳዬ አይበሳም አሉ።

ጋሽ ዱባለ ብሩሻቸውን ይዘው ቁጭ ብለዋል። ግድግዳውን በጣታቸው ነክተው አሳዩዋት። ርጥብ ነው። በርጥብ ላይ ሁለተኛ ቀለም አልቀባም አሉ።

እንግዲህ ቁጠሩ። ትንኟ ያለ አጎበር አልሄድም አለች፣ አጎበሩ ያለ ሚስማር አልሰቀልም አለ፣ ሚስማሩ ያለ እትዬ ምንትዋብ አልገባም አለ፣ እትዬ ምንትዋብ ያለ ጋሽ ዱባለ አልፈቅድም አሉ፣ ጋሽ ዱባለ ያለ ደረቅ ግድግዳ አልቀባም አሉ። ልጁም አልተኛም።

ግድግዳውስ? ከጀርባው፣ በመንገዱ በኩል፣ ጉድጓድ አለ። የግድግዳው ጭቃ የተቦካበት ጉድጓድ ነው። ቤቱ ሲያልቅ የሚደፍነው ጠፋ፤ ዝናብ ሞላው። ግድግዳው፣ ውሃው ካልፈሰሰ አልደርቅም አለ። ውሃው፣ ቦይ ካልተቀደደልኝ አልፈስም አለ።

የሰፈሩ ቦይ ቆፋሪ ዛላ ነው። ዘርፌ ስትደርስ ጠራራ ፀሐይ ላይ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ወባው ካልለቀቀኝ ዶማ አልይዝም አላት። ከየት አመጣኸው ብትለው በአገጩ ወደ ጉድጓዱ ጠቆመ።

«ከዚያው ከእናንተ ጉድጓድ ትንኝ ነዋ» አለ።

ዘርፌ ቆማ አሰበችው። ትንኟ ያለ አጎበር አልሄድም አለች፣ አጎበሩ ያለ ሚስማር አልሰቀልም አለ፣ ሚስማሩ ያለ እትዬ ምንትዋብ አልገባም አለ፣ እትዬ ምንትዋብ ያለ ጋሽ ዱባለ አልፈቅድም አሉ፣ ጋሽ ዱባለ ያለ ደረቅ ግድግዳ አልቀባም አሉ፣ ግድግዳው ውሃው ሳይፈስ አልደርቅም አለ፣ ውሃው ያለ ቦይ አልፈስም አለ፣ ቦዩ ያለ ዛላ አልቆፈርም አለ፣ ዛላን ወባ አልለቀው አለ፣ ወባውን ያመጣችው ትንኟ ናት። ትንኟ ደግሞ ያለ አጎበር አልሄድም ብላለች።

ዞራ ዞራ የራሷ በር ላይ። ጀርባዋ ላይ ልጁ ያለቅሳል።

«ዛላ፣ ዶማህን ስጠኝ።»

«ልጅ አዝለሽ?»

«ማን ያውርድልኝ ታዲያ?»

ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ለቦዩ ዳሩን አንዴ ቆፈረች። ሁለቴ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ቆሙ። አንዷ ሸክሟን አወረደች፤ ይህ ቶሎ የሚያልፉት ነገር አይደለም። የማን ተከራይ ናት ተባለ። የምንትዋብ ተባለ። ከነልጇ ጉድጓድ ታስቆፍራታለች እንዴ ተባለ።

እትዬ ምንትዋብ ወባ አይፈሩም። የሰው አፍ ይፈራሉ። በነጠላ ጫማ እየተንሸራተቱ ከግቢ ወጡ።

«ልጄ፣ በናትሽ ውጪ። ሰው ምን ይለኛል?»

ዘርፌ ዶማውን አነሳች።

«ሚስማሩስ?» አለች።

«ቀለሙ እኮ...»

ዶማው ወረደ። ጭቃው የእትዬ ምንትዋብ እግር ሥር ተፈናጠረ። ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ምቺው። አራቱንም ማዕዘን ምቺው፤ ብቻ ውጪልኝ።»

ከዚያማ ምን ቀረ። እትዬ ምንትዋብ ቃል ሰጡ፣ ቃሉ ሚስማሩን አስገባ። ጭቃው ርጥብ ቢሆንም ከሥሩ እንጨት አለ፤ ሚስማሩ እንጨቱን ነከሰ። ሚስማሩ አጎበሩን ያዘ፣ አጎበሩ ልጁን ሸፈነ። ትንኟ በውጭ ዞረች፣ ቀዳዳ ፈለገች፣ አጣች።

ሴቶቹ ግን አልሄዱም። ቦዩ ግማሽ ነው፣ ዶማው መሬት ላይ ነው፣ ዘርፌ ቤቷ ገብታለች። እትዬ ምንትዋብ ግራ ቀኝ አዩ፣ ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ፣ ዶማውን አነሱ። ውሃው መፍሰስ ጀመረ።

ልጁ ተኝቷል። ተረቱን የሰማችሁ ስትወጡ በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዝጉት።