«በሕግ አምላክ» ያለው ጅብ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ተረቴ ከሩቅ ነው የሚመጣው፤ እንስሳት እንደ ሰው ያወሩ ከነበረበት ዘመን፣ ስሙ ከተረሳ አገር።

በዚያ አገር እመት አህይት የምትባል ጋሪ ጎታች ነበረች። አህያ ሞኝ ናት የምትሉ ካላችሁ አሁኑኑ ተነሱና ውጡ፤ ይህ ተረት ለእናንተ አይሆንም።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ውርንጭላዋ ሲቦርቅ ጉድጓድ ገብቶ እግሩ ተሰበረ። ወጌሻዋ ጦጣ ደግሞ ያለችው ከጫካው ማዶ ነው። ጎረቤቶቿ፣ «ሲነጋ ትሄጃለሽ፤ አያ ጅቦና ቀበሮ በሌሊት መንገደኛ ያስቆማሉ። የቆመ ደግሞ አልተመለሰም» አሏት። ግን የልጇ እግር እያበጠ፣ ለቅሶው አንጀቷን እየበላት እንዴት ትተኛ? ገለባ ጎዝጉዘው ጋሪው ላይ አስተኙላትና ወጣች። እናቷ በሕይወት ሳለች ስትመክራት፣ «ልጄ፣ ጋሪ ሲሮጥ ቤት ነው፤ ሲቆም ድግስ ነው» ትላት ነበር። መንገዱን ሙሉ ይህንኑ እያሰበች ሄደች።

ጫካው መሐል ስትደርስ ቀበሮ መንገዱ ላይ ተዘርሮ ያቃስታል።

«ኧረ የወገን ያለህ! እመት አህይት፣ ወድቄ መቅረቴ ነው፤ እባክሽ ቆመሽ አንሺኝ!»

ሆዷ ባባ። ጠጋ ስትል ግን በጨረቃዋ ብርሃን አየችው፤ ቁስለኛው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው ውርንጭላዋን ያያል።

«ይማርህ ወንድሜ! መንደር እንደገባሁ ቃሬዛ የሚሸከሙ ውሾች እልክልሃለሁ» ብላ በመንገዱ ዳር ዞራው አለፈች። ውሻ የሚለውን ሲሰማ ቁስለኛው ብድግ ብሎ ጫካው ውስጥ ጠፋ። ጋሪ ሲሮጥ ቤት ነው፤ ሲቆም ድግስ ነው።

ትንሽ እንደሄደች ከቁጥቋጦው ውስጥ ጎርናና ድምፅ ተጣራ።

«እሜቴ! ኧረ እሜቴ! የጋሪሽ ጎማ ሊወልቅ ነው፤ ቆም በይና እዪው!»

ራሱ አያ ጅቦ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ አያ ጅቦ! ሲወልቅ እሰማዋለሁ» አለችና ሩጫዋን ጨመረች። ጅቦ ከጎኗ እየሮጠ ጠጋ ቢል እርግጫዋ አገጩን አገኘው። ጋሪ ሲሮጥ ቤት ነው፤ ሲቆም ድግስ ነው።

ያን ጊዜ አያ ጅቦ የመጨረሻ ተንኮሉን አወጣ።

«እመት አህይት! በሕግ አምላክ ቁሚ!»

ክው አለች። እናንተ አልደረሳችሁበትም፤ ያኔ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሁሉ ባለበት ቀጥ ይላል። አልቆምም ያለ ወንበዴ ነው፤ ማንም ይይዘዋል። እነ ፍየል፣ እነ በግ ሕግ እናክብር ብለው ቆመው ነው የተበሉት። የእመት አህይትም እግሮች ሊቆሙ ምንም አልቀራቸውም። ውርንጭላው ከኋላ፣ «እማዬ፣ አትቁሚ!» እያለ ያለቅሳል። ፈራች፤ በጣም ፈራች። ቢሆንም ሕጉን በግማሽ የሚያውቀው ጅቦ እንጂ እሷ አልነበረችም።

«እሺ አያ ጅቦ፣ ሕግ ከጠራህ አከብራለሁ» አለች እየሮጠች። «ግን ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ እንጂ ጫካ ውስጥ አይካሰሱም። ሰዎች ቢሆኑ ነጠላ ለነጠላ ይቋጠሩ ነበር። እኛ ነጠላ የለንም፤ ከጋሪው ኋላ ግን ጠፍር ተንጠልጥሏል። ሸምቀቆው ውስጥ አንገትህን አግባና ቁራኛዬ ሁን።»

ጅቦ በልቡ ሳቀ። «ይቺ ጅል! መድከሟ አይቀርም፣ ስትደክም ትቆማለች፣ ስትቆም እኔ ከገበታው አጠገብ ነኝ» አለና አንገቱን ከተተ።

እመት አህይት ምን አደረገች? ሮጠቻ! ሩጫ ብትሉ ሩጫ! ጅቦ ቢዘገይ ጠፍሩ ያንቀዋል፣ ቢቀርብ አቧራው ዓይኑን ይሞላዋል።

«ኧረ ቀስ በይ! ክሴን ትቼዋለሁ!»

«የለም አያ ጅቦ፣ በሕግ አምላክ ብለሃል!»

«ኧረ እንታረቅ!»

«የለም አያ ጅቦ፣ በሕግ አምላክ ብለሃል!»

እንዲህ እየተባባሉ ጎህ ሲቀድ ከጫካው ማዶ ወጌሻዋ ያለችበት መንደር ገቡ። ውሾቹ ግር ብለው ወጥተው ከበቧቸው። የመንደሩ ዳኛ፣ አዛውንቱ በሬ፣ ከዋርካው ሥር ተነሳ።

«ከሳሽ ማነው?»

«እሱ ነው ጌታዬ። ከሳሼን ራሴ ጎትቼ አመጣሁልዎ።»

«እህ፣ አያ ጅቦ፣ ክስህ ምንድን ነው?»

ጅቦ ውሾቹን አየ፣ የዳኛውን ቀንድ አየ። «እ... ጎማዋ... ሊወልቅ...»

ይሄኔ አንዲት ፍየል ከሕዝቡ መሐል ወጣች። «ጌታዬ፣ ባሌን በዚያ መንገድ በሕግ አምላክ ብሎ ያስቆመው ይሄ ድምፅ ነው! ከኋላው ነበርኩ፤ ሮጬ አመለጥኩ!» ብላ አለቀሰች። ሌሎቹም የቀሩባቸውን እየጠሩ መሰከሩ።

ወጌሻዋ ጦጣ የውርንጭላውን እግር አሽታ፣ መልሳ፣ በቀርከሃ አሰረችለት። ዳኛውም ፈረደ፤ ጅቦ ከእንግዲህ በቀንበር ይኑር፣ የሌሊት መንገደኛን ሁሉ ጋሪ እየጎተተ ጫካውን ያሻግር አለ። በግራና በቀኝ ውሾች ቆሙበት።

የመጀመሪያው መንገደኛ ማን ይመስላችኋል? ውርንጭላው ነዋ! ገለባው ላይ እንደ ባላባት ተዘርግቶ፣ እናቱ ባዶ ትከሻዋን እያወዛወዘች ከጎኑ፣ መንደርተኛው በእልልታ ሸኛቸው። ቀበሮ ከቁጥቋጦ ውስጥ አይቶ ጅራቱን ቆልፎ አገር ለቀቀ። ጫካው መሐል ሲደርሱ ውርንጭላው ቀና ብሎ ተጣራ፦

«በሕግ አምላክ አያ ጅቦ፣ ቀስ በል! እግሬን አመመኝ!»

ጅቦም ቀስ አለ።

ተረቴ መንገዱን ጨርሶ ቤቱ ገብቷል፤ እናንተም ቤታችሁ ስትገቡ ይህችን ይዛችሁ ግቡ፦

በሕግ አምላክ ያለ ሌባ፣ በገዛ እግሩ ዳኛ ቤት ገባ።